ሸሪዶን የት ናት?

ከተማ ሞተ ሲባል ምን ማለት ነው? ሰው ሲሞት ቀኑ ይታወቃል፤ ሬሳው ይገነዛል፤ ቀባሪው ወጥቶ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሞቷል ወይስ አልሞተም ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ከተማ ግን ሞቷል ተብሎ ከተጻፈ ከብዙ ዓመት በኋላም ከአንዱ ቤት ጭስ ሲወጣ ሊታይ ይችላል። ወይም ደግሞ ነዋሪዎቹ ሁሉ በሕይወትና በጤና እያሉ ከተማው ብቻውን ከምድር ሊጠፋ ይችላል። ጥያቄው የቃላት ጨዋታ እንዳይሆንብኝ፣ ነገሩ በእርግጥ የደረሰባትን አንዲት ትንሽ ቦታ ይዤ ማሰብ እፈልጋለሁ። በካናዳ፣ በማኒቶባ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ ሸሪዶን የምትባል የማዕድን ከተማ ነበረች። ዛሬም አለች። ሌላ ቦታ ሄዳለችም ይባላል። ሦስቱም አባባሎች ለየብቻ ሲታዩ እውነት ናቸው፤ የሚያስቸግረው አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው።

መነሻዋ መዳብ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊሊፕ ሸርሌት የሚባል የአካባቢው አዳኝ በኪሲሲንግ ሐይቅ አጠገብ ማዕድን ያዘለ ዐለት አገኘ። ቦታውን በስሙ ያስመዘገበው ግን ካርል ሸሪት የተባለ ሌላ ሰው ነው። በ1927 ሸሪት ጎርደን የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ ከተማዋም የኩባንያውን ሁለት ስሞች፣ ሸሪትንና ጎርደንን፣ ገጣጥማ ሸሪዶን ተባለች። ዐለቱን ያየው ሰው በስሟ ውስጥ የለም። ስም የማንነት መጀመሪያ ነው የምንል ከሆነ፣ ይህች ከተማ ገና ስትጠራ አንድ ሰው ጎድሏታል፤ ስለ ማንነቷ የሚነሣው ጥያቄም የሚጀምረው ከዚያ እንጂ ቤቶቿ ከተነቀሉበት ቀን አይደለም።

ምርት በ1931 ተጀመረ። በዓመቱ የመዳብ ዋጋ ስለ ወደቀ ማዕድን ማውጫው ተዘጋ፤ እስከ 1937 ድረስም እንደ ተዘጋ ቆየ። እነዚህን አምስት ዓመታት ታሪክ ጸሐፊዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፏቸዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስቡኝ እነሱ ናቸው። መዳቡ ከመሬት በታች እንዳለ ነው፤ ጉድጓዱም ተቆፍሯል፤ ቤቶቹም ቆመዋል፤ ሐዲዱም ተዘርግቷል። የጠፋው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሩቅ አገር ባለ ገበያ የሚወሰን የዋጋ ቁጥር። በ1934 ሸሪዶን ከተማ ነበረች ወይ? ነበረች ካልን፣ ከተማ ያለ ሥራም መኖር ይችላል ማለታችን ነው። አልነበረችም ካልን ደግሞ፣ በ1937 የተከፈተችው ሌላ ከተማ ናት ማለታችን ነውና ያው ቤት፣ ያው ጎዳና፣ ያው ስም ምንም አልነበረም ልንል ነው። መጠበቅ የሚባለው ነገር ከመኖር ይቆጠራል ወይስ ከአለመኖር? በ1932 እና በ1937 መካከል የነበረው ጥያቄ ይህ ነበር፤ መልስ ሳያገኝም መዳቡ ዋጋ አወጣና ተረሳ።

በ1941 ኦስቲን ማክቬይ የሚባል ማዕድን ፈላጊ ከሸሪዶን በስተሰሜን ርቆ ኒኬል አገኘ። የጦርነት ጊዜ ስለ ነበር ነገሩ በምስጢር ተያዘ። ጦርነቱ ሲያበቃ ሥራው ተጀመረ፤ ቦታውም በኩባንያው ዋና መሐንዲስ በሊን ስሚዝ ስም ሊን ሌክ ተባለ። የሸሪዶን መዳብ እያለቀ ነበር፤ በ1951 ጨርሶ አለቀ። ያን ጊዜ ከሸሪዶን ወደ ሰሜን መኪና የሚሄድበት መንገድም ባቡርም አልነበረም። በሞቃቱ ወራት ምድሩ ረግረግና ሐይቅ ነው፤ ማለፍ የሚቻለው ውርጩ ሐይቁን ሲያጠነክረው ብቻ ነው። እናም ኩባንያው በሰሜኑ ምድር አዲስ ከተማ በሙሉ ከመሥራት ይልቅ ያለውን ከተማ ጭኖ መሄድን መረጠ። ከ1946 እስከ 1953 ባሉት የብርድ ወራት ሁለት መቶ ያህል ሕንጻዎች፣ መኖሪያ ቤትም፣ ሱቅም፣ ትምህርት ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ በበረዶ ላይ ተጎትተው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ።

አጓጓዙን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል፤ ሐሳቡ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ቤቱ በክሪክ ከመሠረቱ ይነሣል፤ ከሥሩ ወፋፍራም ግንድ ገብቶለት በትልልቅ የእንጨት ተንሸራታች ላይ ይቀመጣል። በሰንሰለት የሚሄድ ትራክተር ከፊት ይጎትታል፤ አንዱ ጭነት ከሌላው ኋላ እየተቀጠለ እንደ ባቡር ይረዝማል። ከጭራው ምድጃ ያላት ትንሽ የእንጨት ክፍል ትከተላለች፤ ሠራተኞቹ በውስጧ ያበስላሉ፣ በተራም ይተኛሉ፤ ትራክተሩ ሌሊትም አይቆምምና። የሐይቁ በረዶ የከዳ እንደሆነ ዘሎ ለመውጣት ሹፌሩ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ በሚደርስ ብርድ በሩን ክፍት አድርጎ መንዳትን ይመርጣል። ከኋላው የሚጎትተው የሰው ጓዳ ነው፤ ትናንት ወጥ የተሠራበት፣ ሕፃን የዳኸበት ወለል።

እንግዲህ ይህን ቤት በሐይቁ መካከል እናቁመውና የማን ከተማ ቤት እንደሆነ እንጠይቅ። ከሸሪዶን ወጥቷል፤ ሊን ሌክ አልደረሰም። ከሥሩ ያለው መሬት እንኳ አይደለም፤ የፀሐይ ወራት ሲመጣ የሚቀልጥ ውኃ ነው። ከተማ ማለት የቤቶች ስብስብ ነው የሚል ሰው፣ ሸሪዶን ከፊሏ በዚህ በረዶ ላይ እየሄደች ነው ማለቱ ነው። አባባሉ ሲሰሙት ያምራል፤ ሲመረምሩት ግን ይፈርሳል። ቤቶቹ የሄዱት በአንድ ሌሊት አይደለም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ነው። ሸሪዶን ሸሪዶን መሆኗን ያቆመችው የመጀመሪያው ቤት ሲነሣ ነው? መቶኛው ሲነሣ ነው? ወይስ የመጨረሻው? ሊን ሌክስ በስንተኛው ቤት ከሰፈርነት ወደ ከተማነት ተሻገረች? የትኛውንም ቁጥር ብንመርጥ ለምን እሱ እንደሆነ ማስረዳት አንችልም። ቁጥር ሊከፍለው የማይችለውን ነገር ደግሞ ቁጥር ሠራው ማለት አይቻልም።

ታዲያ ከተማ ቦታ ነው እንበል? ቤት ቢነቀልም ቦታ አይነቀልም፤ ሐይቁ እዚያው ነው፤ ዐለቱም እዚያው ነው። ይህ መልስ ጽኑ ይመስላል፤ ግን ያ ቦታ ከ1920ዎቹ በፊትም ነበረ። ክሪ የሚባለው የምድሩ ነባር ሕዝብ ዓሣ የሚያጠምድበት፣ ወጥመድ የሚዘረጋበት፣ ሙታኑን የሚቀብርበት አገር ነበር። ቦታው ከተማ ቢሆን ኖሮ ሸሪዶን ከኩባንያው በፊት ብዙ ዘመን ኖራለች ማለት በሆነ ነበር። የክሪ ሰው ይህን ቢሰማ አገሬን በማታውቁት ስም ጠራችሁት ማለቱ አይቀርም። ቦታ ከተማን ይሸከማል እንጂ ከተማን አይሆንም። ለመሸከም ፈቃዱ መጠየቅ አለመጠየቁም ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰዎቹ ናቸው የሚለው መልስ ከሁለቱ ይልቅ ልብ ይነካል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ወደዚህ አዘነብል ነበር። ከተማ ማለት ጎረቤት ነው፤ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን መብራት ዛሬ አልበራም የሚለውን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው። ብዙ የሸሪዶን ሰዎች ከቤታቸው ጋር ወደ ሰሜን ሄደዋልና፣ በዚህ መልስ ሸሪዶን በሊን ሌክ ቀጥላለች። ግን የማዕድን ከተማ ሰው እንደ ገበሬ መንደር ሰው ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ አብሮ የኖረ አይደለም። አንዱ ለሁለት ዓመት መጥቶ ይሄዳል፤ ሌላው በእሱ ፈንታ ይተካል። ሰዎቹ ሁሉ ተለዋውጠው ከተማዋ ያችው ናት ይባላል። ደግሞም አንድ ወለል ለሁለት ሰው ሁለት ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ለእናት ከሸሪዶን ያመጣችው ወለል ነው፣ በላዩ ለተወለደው ልጅ ግን የሊን ሌክ ወለል ነው። ዘፋኙ ቶም ኮክሬን በ1953 ሊን ሌክ ውስጥ ተወለደ፤ ባቡሩ እዚያ በደረሰበት፣ ጉዞው ባበቃበት ዓመት። በዚያ ዓመት ለተወለደ ሰው ከተማዋ ከየትም አልመጣችም፤ እትብቱ የተቀበረው እዚያ ነው። የሰዎች ከተማ በአንድ ትውልድ ውስጥ መነሻዋን ትረሳለች፤ ረስታም ሙሉ ናት።

የኩባንያው መልስ ይቀራል፤ ከሁሉም ቀጥተኛው እሱ ነው። ከተማ ማለት ሥራ ነው፤ ማዕድኑ ባለበት ትኖራለች፣ ሲያልቅ ታልቃለች። ቤት ለሠራተኛ እንደ መጥረቢያና እንደ ትራክተር የሥራ መሣሪያ ነው፤ ሥራው ወደሄደበት ይሄዳል። በዚህ መልስ ውስጥ ጭካኔ አለ፤ ሐቅም አለ። ሐቁን ስንመረምረው ግን አንድ እንቆቅልሽ ላይ እንወድቃለን። ገበሬ መሬቱን በደንብ ከያዘው ያረሰው ማሳ ለከርሞ ይጠብቀዋል። ማዕድን ቆፋሪ ግን ዛሬ ያወጣው ድንጋይ ነገ የለም። ጎበዝ ሠራተኛ፣ ጥሩ መሐንዲስ፣ ታታሪ ሥራ አስኪያጅ ያላት ከተማ ዕድሜዋ ያጥራል፤ ሰነፍ ከተማ ትሰነብታለች። የሸሪዶን ሰው ጠዋት ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ልጆቹን የሚያሳድግበትንና ልጆቹ የሚያድጉበትን ቦታ የሚጨርስበትን ሥራ በአንድ እጅ ነው የሚሠራው። ይህን እያወቀ አጥር ማጠሩ፣ በዚያ አጭር የፀሐይ ወራት አበባ መትከሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ለማደስ ገንዘብ ማዋጣቱ ምን ማለት ነው? ተታሎ ነው ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን አልስማማም። ማለቂያው የታወቀ ነገር ላይ ሙሉ ልብን ማኖር የሰው ልጅ ከሚችላቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ ነው፤ ኩባንያው በመዝገቡ የሚያስገባበት ዓምድ ግን የለውም።

የኩባንያውን መልስ እስከ መጨረሻው ከተከተልነው የት እንደሚያደርሰን በኩቤክ ግዛት ጋኞን የምትባል የብረት ማዕድን ከተማ ታሳያለች። በ1985 ማዕድን ማውጫው ሲዘጋ ከተማዋ በሙሉ ፈረሰች፤ ቤቶቹ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር። ዛሬ 389 ቁጥር አውራ ጎዳና በዚያ ያልፋል። በጫካ መካከል ሲሄድ የነበረው መኪና ድንገት የመንገድ አካፋይና የእግረኛ ጠርዝ ያለው የከተማ ጎዳና ላይ ይገባል፤ ግራና ቀኙ ግን ዛፍ ነው። ማንም የማይሄድበት የእግረኛ መንገድ ምን ይባላል? ከተማ ማለት ሥራ ነው ያለው ሰው እዚህ ቆሞ ልክ ነበርኩ ሊል ይችላል። ያ ጠርዝ ግን ለሥራ አልተሠራም፤ ለሚራመድ ሰው፣ ምናልባትም ያለ ሥራ ለሚንሸራሸር ሰው የተሠራ ነው።

ሸሪዶን ግን እንደ ጋኞን አልጠፋችም። ቤቶቹ ከተጫኑ፣ ጉድጓዱም ውኃ ከሞላው በኋላ ጥቂት ሰዎች እዚያው ቀሩ፤ የነሱ ልጆችና ሌሎችም እስከ ዛሬ ይኖሩበታል። ሊን ሌክም እንዲሁ። የኒኬሉ ማዕድን በ1976 ተዘጋ፤ ፎክስ የሚባለው የመዳብ ማዕድን በ1985 ተከተለው፤ ከዚያ ወርቅ ለጥቂት ጊዜ ተሞክሮ ቆመ። ሺዎች የነበሩት ነዋሪዎች በ2016ቱ ቆጠራ 494 ሆኑ። እዚህ ላይ ነው ለጥያቄዬ መልስ የሚመስል ነገር የማገኘው። የተመሠረተችበት ምክንያት እስካለ ድረስ የማዕድን ከተማ ሰፈራ ናት፤ ለምን እዚህ አለህ ብትለው ነዋሪው ለሥራ ይልሃል፤ መልሱም ጥያቄውን ይዘጋዋል። ምክንያቱ አልቆ ሰውየው ካልተነሣ ግን ያው ጥያቄ ሌላ መልስ ይሻል፤ ያ መልስ በደመወዝ የማይነገር ይሆናል። እንግዲያውስ ሸሪዶን ከተማ የሆነችው ቤቶቿ ከሄዱ በኋላ ነው ማለት ነው፤ ሰው የሞተችበት ነው በሚለው ቀን።

ነገር ግን ይህን ሐሳብ ሳልፈትነው መተው አልችልም። የቀረ ሰው ሁሉ ወዶ አይቀርም። ገዢ የሌለው ቤት ያለው ሰው፣ ያረጀ ሰው፣ ሌላ ከተማ ኪራይ የማይችል ሰው ይቀራል፤ የእሱን መቅረት ፍቅር ነው ብሎ ማወደስ ከሩቅ ሆኖ የሰውን ችግር ማስጌጥ ይሆናል። መውጣት ያልቻለውንና መውጣት ያልፈለገውን ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም፤ ምናልባት ሰውየው ራሱም ሁልጊዜ አይለየውም። ግን ልብ ብለን ካየነው ይህ ተቃውሞ ሐሳቡን አያፈርሰውም፤ ያከብደዋል እንጂ። እትብቱ በተቀበረበት ቀዬ የሚኖር ሰውም እኮ መርጦ አልተወለደበትም። ከተማ በምርጫ ብቻ የሚቆም ቢሆን ኖሮ የሆቴል ያህል ይሆን ነበር። አለመሄድን የሚያደርገው ነገር ምንም ይሁን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ አለመሄድ የጎረቤትን ደጅ ከበረዶ መጥረግ፣ የሌላውን መቃብር መጠበቅ ሆኖ ይገኛል።

ሳይመርጥ የቀረ ሌላም ነገር አለ። መዳቡ ከተለየ በኋላ የተረፈው የተፈጨ ድንጋይ አልተጫነም። ድኝ ያዘለ ስለ ሆነ አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል፤ ከሸሪዶን አጠገብ ያለችውን ካምፕ ሌክ የምትባል ሐይቅ ከዓሣ አገር ወደ ሙት ውኃ ለወጣት። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የማኒቶባ መንግሥት አሲዱን ለማብረድ ኖራ ሲጨምርባት ነበር፤ በሊን ሌክም የተጠራቀመውን ተረፈ ድንጋይ የማስተካከል ወጪ በሕዝብ ላይ ወድቋል። ቤቱን ጭኖ የሄደ ኩባንያ ቤቱ ከተማው ነው ብሎ አስቦ ይሆናል። ሊጫን የማይችለው ግን በመዝገቡ አልሰፈረም፤ ሐይቁ፣ መቃብሩ፣ ከእሱ በፊት የነበረው ሕዝብ። ይህን ስናገር ቁጣ ይሰማኛል፤ ልደብቀው አልፈልግም። ስሙ ከከተማዋ ስም የቀረው አዳኝና ዕዳው ከሒሳቡ የቀረው ሐይቅ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው። ሁለቱም ከዚያ ምድር ጋር ከተማዋ ከመምጣቷ በፊት የነበረ፣ ከሄደችም በኋላ የሚኖር ግንኙነት ነበራቸው። ለክሪ ሰዎች፣ ዛሬም በሊን ሌክ አካባቢ ላለው ለማርሴል ኮሎም ማኅበረሰብ፣ የእኔ ጥያቄ ራሱ ከመካከል የተጀመረ ነው። ከተማዋ ሞተች ወይስ ኖረች ከማለታችን በፊት ማን ላይ አረፈች የሚለው ይቀድማል።

በ2025 ግንቦት ላይ በሰሜን ማኒቶባ የጫካ እሳት ተነሥቶ የሊን ሌክ ሰዎችም የሸሪዶን ሰዎችም በአስቸኳይ እንዲወጡ ተደረገ። በ1940ዎቹ የሆነው ነገር ተገልብጦ መጣ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ከቦታው ሲሄድ፣ አሁን ቤቱ ቆሞ ሰው ሄደ። ለሳምንታት ሊን ሌክ ሰው አልባ ቤቶች ነበሩ፤ የሊን ሌክ ሰዎች ደግሞ በደቡብ ከተሞች በእንግድነት ተቀምጠዋል። ከተማዋ ማን ጋ ነበረች? የተፈናቃዮቹ ጥያቄ ግን የፈላስፋ ጥያቄ አልነበረም፤ መቼ እንመለሳለን የሚል ነበር። ከወጡበት ቀን ጀምሮ ወደ አንድ ቦታ የሚያመለክት ጥያቄ የሚጠይቅ ሕዝብ ከተማውን አላጣም፤ መቼ የሚለው ቃል እስካለ ድረስ የት የሚለው ተመልሷል። ከሸሪዶን በበረዶ ላይ የተጎተተው ቤት ያልነበረው ይህ ነው። ወደፊት ይሄድ ነበር እንጂ የሚመለስበት አልነበረውም።

ሊን ሌክ አጠገብ ለታሰበ አዲስ የወርቅ ማዕድን የካናዳ ፌዴራል መንግሥት በ2023 ፈቅዷል። የማኒቶባ ሕግ ዛሬ ማንም ማዕድን ከማውጣቱ በፊት የመዝጊያውን ዕቅድና ለመዝጊያው የሚሆን የገንዘብ ዋስትና እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ትልቅ መሻሻል ነው፤ ካምፕ ሌክ ላይ የደረሰውን ዓይነት ጥፋት ለመከላከል የታሰበ ነው። በሰሜን ካናዳ ያሉ አዳዲስ ማዕድን ማውጫዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ መሥራትን ትተዋል፤ ሠራተኛው በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ለጥቂት ሳምንታት በካምፕ ያድራል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማንም ቤቱን በበረዶ ላይ አይጎትትም፤ ምክንያቱ ባለቀበት ቦታ የሚቀር አሮጊትና ሽማግሌም አይኖርም። ይህን ሳስብ መወሰን ያቅተኛል። ለሰው ልጅ ኑሮ ያ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ከሚነቀል ከተማ ያልተተከለ ይሻላል። ግን ሸሪዶን ላይ ሐይቁ መሞቱን በየቀኑ በመስኮቱ ያየ፣ ዓሣው ለምን ጠፋ ብሎ የጠየቀ፣ አለመሄዱን እንደ ማስረጃ ይዞ የቆመ ሰው ነበረ። አዲሱ ጉድጓድ ሲሞላና የመጨረሻው አውሮፕላን ሲነሣ ዋስትናው በቂ መሆን አለመሆኑን ከደጁ ሆኖ የሚያይ ሰው ማን እንደሚሆን የመዝጊያ ዕቅድ አይናገርም። በሊን ሌክ እስካሁን እነዚያ ጥቂት መቶ ሰዎች አሉ።